ማይኒንግ ላይ የዋለ ግራፊክስ ካርድ ይገዛል ወይ?

ጥያቄ፦ «ባህር ዳር ውስጥ የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። የምሠራው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው። ኮምፒውተሬ 16 ጊጋባይት ራም፣ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ካርድ አለው። አዲስ አበባ ያለ ሻጭ አርቲኤክስ 3060 ቲአይ አለኝ ብሎኛል፤ የጠየቀኝ አዲስ አርቲኤክስ 4060 ከሚሸጥበት ዋጋ 55 በመቶውን ነው። ‹ማይኒንግ ላይ ነበር፣ ግን ቮልቴጁ ተቀንሶ ስለሠራ እንደ አዲስ ነው› ይላል። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ቺፑ ተቃጥሎ ያለቀለት ነው፣ ስድስት ወር አይቆይልህም› ይሉኛል። ቀብድ ልላክ ወይስ ልተወው?»

ምላሽ፦ ቀብድ አይላኩ። በተባለው ዋጋ ካርዱ አያዋጣዎትም፤ የማያዋጣበት ምክንያት ግን ጓደኞችዎ የሚሉት አይደለም። ጓደኞችዎም ሻጩም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የቀረውን ግማሽ ካወቁ ዋጋውን ራስዎ መቁረጥ ይችላሉ።

ቺፑ ተቃጥሏል የሚለው አባባል የመጣው ማይኒንግ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብን በኮምፒውተር ስሌት ማምረት፣ ቀንና ሌሊት የማያቋርጥ ሥራ ስለሆነ ነው። እነዚህ ካርዶች በብዛት የተሰማሩበት ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ ግን ጫናውን የሚጥለው በዋናው ቺፕ ላይ ሳይሆን በሜሞሪው ላይ ነበር። ስለዚህ ማይነሮቹ የሜሞሪውን ፍጥነት ከፍ፣ የቺፑን ቮልቴጅ ዝቅ አድርገው፣ 200 ዋት የሚወስደውን 3060 ቲአይ በ120 ዋት ገደማ ያሠሩት ነበር። ይህን ያደረጉት ለካርዱ አዝነው ሳይሆን የመብራት ሒሳቡ ትርፋቸውን ስለሚበላባቸው ነው። ቺፑ የተሠራበትን ሲሊከን የሚያስረጀው ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ከፍተኛ ከረንትና ሙቀት ሲሆን በደንብ በተያዘ የማይኒንግ ካርድ ላይ ሦስቱም ዝቅ ያሉ ናቸው። ከቺፑ ሥር ያለው ስታኞ የሚሰነጠቀው ደግሞ ካርዱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብረቱ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር ነው። ጌም የሚጫወት ሰው ካርድ በአንድ ምሽት ብቻ ደጋግሞ ከ35 ወደ 75 ዲግሪ ይወጣል፣ ይወርዳል። የማይኒንጉ ካርድ 60 ዲግሪ አካባቢ ቆሞ ይከርማል። በዚህ ረገድ የማይኒንጉ ካርድ የተሻለ ኑሮ ኖሯል።

ሻጩ የሸፈነው ግን አለ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ሁለት ዓመት የሠራ ካርድ ማራገቢያው ከ17,500 ሰዓት በላይ ዞሯል ማለት ነው፤ በቀን አራት ሰዓት የሚሠራ ሰው ይህን ለመድረስ 12 ዓመት ይፈጅበታል። የሚያልቀው ቺፑ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነው፦ የማራገቢያው ኩሽኔታ፣ በቺፑና በሙቀት ማስወጫው መካከል የተቀባው ተርማል ፔስት፣ ሙቀት እንዲያስተላልፍ በሜሞሪው ላይ የተለጠፈው ተርማል ፓድ። እነዚህ ይቀየራሉ። በቀላሉ የማይቀየረው ለዓመታት ሲጋገር የኖረ ሜሞሪ ነው፤ የካርዱ ሞዴል ለውጥ የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው።

3060 ቲአይ፣ 3070 እና ተራው 3060 የሚጠቀሙት ጂዲዲአር6 ሜሞሪ ነው፤ ሙቀቱ ልከኛ ነው። (ዘግይቶ የወጣ ባለ ጂዲዲአር6ኤክስ 3060 ቲአይም አለ፤ ገበያ የገባው ማይኒንጉ ካበቃ በኋላ ስለሆነ እዚህ አያሳስብም።) 3070 ቲአይ፣ 3080 እና 3090 ግን ጂዲዲአር6ኤክስ ናቸው። ይህ ሜሞሪ 110 ዲግሪ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፓዳቸው ደካማ የሆነ ብዙ ካርዶች ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ ሲሠሩ ኖረዋል። 3090 ላይ ከሜሞሪዎቹ ግማሹ በካርዱ ጀርባ በኩል ስለሆኑ ማራገቢያው በቀጥታ አያገኛቸውም። እነዚህ ሦስቱ ከማይኒንግ የወጡ ከሆኑና ፓዳቸው መቀየሩ በሙከራ ካልታየ በምንም ዋጋ ቢሆን አልመክርም። የእርስዎ ምርጫ 3060 ቲአይ መሆኑ ጥሩ መነሻ ነው።

የጊዜውን ነገር ማወቅም ይጠቅምዎታል። ኢቴሪየም በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ያቆመው መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ነው። ካርዶቹ በገፍ ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ የፈሰሱት ያኔ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የአርቲኤክስ 40 ተከታታይ ካርዶች ገበያ የወጡት ከዚያ ቀን በኋላ ስለሆነ ያገለገለ 4060 የኢቴሪየም ማይኒንግ ታሪክ ሊኖረው አይችልም። ሁለተኛ፣ ማይኒንግ ላይ የነበረ 3060 ቲአይ ከዚያ ወዲህ በሌላ ሰው እጅ ዓመታት አሳልፏል፤ ሻጩ ስለ ቮልቴጁ የሚነግርዎት ምናልባት እሱም ከሌላ የሰማውን ነው። ግራፊክስ ካርድ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ነገር የለውም። ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳይ ሶፍትዌር አለኝ የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት።

«እዚሁ አገር ካለው ትልቅ ማይኒንግ ጣቢያ የወጣ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ካርድም ይሰማል። ቢትኮይን የሚመረተው ኤሲክ በሚባሉ ለዚያ ሥራ ብቻ በተሠሩ ማሽኖች ነው። እነሱ ምስል የሚያወጡ ግራፊክስ ካርዶች አይደሉም፤ ኮምፒውተር ውስጥም አይገቡም። ታሪኩን ለዋጋ ማስወደጃ ከሚያመጣ ሻጭ ይራቁ።

ወደ ባህር ዳር እንምጣ፤ ቦታው ለካርድ ዕድሜ ትርጉም አለው። ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባህር ዳርቻ አገሮች በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት ያንሳል። ውጭ አገር የተሠራ ሙከራ 66 ዲግሪ ያለውን ካርድ እዚህ 70 ወይም 71 ላይ ቢያገኙት ብልሽት አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ራሱ 30 ዲግሪ ሲቃረብ ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። ስለዚህ የደከመ ማራገቢያ ሌላ ቦታ ላይ እንደምንም ቢያስኬድ፣ እዚህ ወዲያውኑ ያጋልጣል።

ክረምት ላይ የሐይቁ እርጥበት ይመጣል። የማይኒንግ ካርዶች ክዳን በሌለው የብረት ማቀፊያ ላይ ተደርድረው ስለሚሠሩ ውስጣቸው አቧራ ይዟል። ደረቅ አቧራ በአየር ይነፋል። እርጥበት የጠጣ አቧራ ግን እንደ ጭቃ ይለጠፍና በጥቃቅኖቹ እግሮች መካከል ከረንት ሊያሻግር ይችላል። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ካርዱን በውሃ ያጥበዋል። ምልክቱ በሙቀት ማስወጫው ሥር የደረቀ ነጭ ብናኝ፣ በብሎኖቹ ራስ ላይ ዝገት፣ ወርቅማ በሆኑት የመሰኪያ ጥርሶች ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ነገር ነው። ከሦስቱ አንዱን ካዩ ይመልሱት። በካርዱ ጎን የሚታይ ቅባት መሰል ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከተርማል ፓዱ የወጣ የሲሊኮን ዘይት ነው፤ በአልኮል ይጠረጋል፣ ጉዳት የለውም። ብዙ ደህና ካርድ በዚህ ምክንያት «ውሃ ገብቶበታል» ተብሎ ተጥሏል።

ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው። ካርድን የሚገድለው መብራት መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ የሚዘልለው ቮልቴጅም ነው። ስታቢላይዘር መዋዠቁን ያለዝባል፣ መቋረጡን ግን አይሸፍንም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያስኬድ መሣሪያ) ካለዎት መጠኑን ይመልከቱ። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ በእውነቱ የሚሸከመው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። 3060 ቲአይ ያለው ኮምፒውተር ቪዲዮ ሲያወጣ ወደዚያው ስለሚጠጋ መብራት በጠፋ ቅጽበት ዩፒኤሱ ራሱን ያጠፋል። 600 ዋት አካባቢ የሚችል ያስፈልግዎታል።

አሁን የሙከራውን አካሄድ በዝርዝር ላስቀምጥ፤ ገንዘብዎን የሚያድነው ይህ ነው። ሙከራው ሻጩ ጋ፣ ሙሉ ኮምፒውተር ላይ፣ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ራስዎ መሄድ ካልቻሉ አዲስ አበባ ያለ የሚያምኑት ሰው ያድርገው። በቴሌግራም የተላከ ቪዲዮ ሙከራ አይደለም፤ የየትኛው ካርድ እንደሆነ አይታወቅም።

መጀመሪያ መብራት ሳይገናኝ ማራገቢያዎቹን አንድ በአንድ በጣት ገፋ ያድርጓቸው። ጤነኛ ማራገቢያ ያለ ድምፅ ዞሮ ቀስ እያለ ይቆማል። ቶሎ የሚገታ ከሆነ ኩሽኔታው ደርቋል። ጫፉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ ተበልቷል። ይህ ብቻውን ግዢ አያስቀርም፤ ዋጋ ግን ያስቀንሳል። ምትክ ማራገቢያ ሲፈልጉ ዲያሜትሩን ብቻ ሳይሆን መሐሉ ላይ ባለው ስቲከር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥርና የሽቦውን ብዛት ማመሳሰል አለብዎት፤ አለዚያ የብሎኑ ቀዳዳ አይገጥምም። ብሎኖቹንም ይመልከቱ። ራሳቸው በካቻቢቴ የተፋቀ ከሆነ ካርዱ ተከፍቷል። ተከፍቶ ፓድ የተቀየረለት ካርድ ከማያውቅ ሰው እጅ ካልወጣ በስተቀር የተሻለ ነው፤ የማያውቅ ሰው የሚሠራውን ስሕተት ወረድ ብለን እናየዋለን።

ቀጥሎ ካርዱን ሰክተው ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱ። እውነተኛ 3060 ቲአይ 4,864 ሼደር (በቺፑ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የስሌት ክፍሎች)፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 256 ቢት የሜሞሪ መስመር ያሳያል። 3,840 ሼደርና 6 ጊጋባይት ካነበቡ የላፕቶፕ 3060 ቺፕ በዴስክቶፕ ካርድ ላይ ተበይዶ ነው የቀረበልዎት። 3,584 ከሆነ ተራው 3060 ነው። ፕሮግራሙ በስሙ ፊት ፌክ የሚል ጽሑፍ ካወጣ ሌላ አይጠይቁ፤ ባዮሱ (ካርዱን የሚያስነሣው የውስጥ ፕሮግራም) ተቀይሮ ስሙ የተጻፈበት አሮጌ ካርድ ነው። ፒ106 ወይም ሲኤምፒ የሚባሉትን ደግሞ በርካሽነታቸው ተታለው እንዳይገዙ። የካርዶቹ አምራች ኤንቪዲያ ለማይኒንግ ብቻ ያወጣቸው ስለሆኑ የሞኒተር መሰኪያ እንኳ የላቸውም። ኤልኤችአር የሚለው ጽሑፍ ግን አያሳስብዎ፤ የማይኒንግ ፍጥነትን ለመገደብ የተደረገ እንጂ ለኤዲቲንግ ምንም ለውጥ የለውም።

ከዚያ የሜሞሪ ሙከራ ይምጣ። ኦሲሲቲ የተባለው ፕሮግራም የቪዲዮ ሜሞሪን የሚፈትሽ ክፍል አለው። ለ10 ደቂቃ ያስኬዱት። የሚፈቀደው የስሕተት ቁጥር ዜሮ ነው፤ አንድም ቢሆን አይቀበሉ። ሻጩ «ድራይቨር ነው»፣ ማለትም ችግሩ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ነው ቢል፣ ድራይቨር በድጋሚ ጭኖ ያሳይዎት። በስክሪኑ ላይ ቋሚ ነጠብጣብ፣ የዳማ ሰሌዳ የሚመስል መስመር፣ ወይም በዊንዶውስ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ኮድ 43 የሚል መልእክት ከታየ ብዙውን ጊዜ የሜሞሪ ወይም የስታኞ ችግር ነው። በሙቀት አየር ተነፍቶ የተጠገነ ካርድ ለሳምንታት ሠርቶ ችግሩ ይመለስበታል፤ እንዲህ ያለ ጥገና የተደረገለትን አይግዙ።

የመጨረሻው የሙቀት ፈተና ነው። ካርዱን በጫና ከሚፈትኑት ፕሮግራሞች ፈርማርክን ወይም ሱፐርፖዚሽንን ለ20 ደቂቃ ከፍተው ሙቀት በሚያነበው ኤችደብሊው ኢንፎ ሁለት ቁጥር ይከታተሉ፦ የጂፒዩ (የዋናው ቺፕ) ሙቀትና ሆትስፖት (ቺፑ ላይ ከሁሉ የሚሞቀው ነጥብ)። በ3060 ቲአይ ላይ የሜሞሪው ሙቀት አይነበብም፤ ያ የሚታየው ጂዲዲአር6ኤክስ ባላቸው ላይ ነው፤ ስለዚህ ባያገኙት ግር አይበልዎ። የጂፒዩውና የሆትስፖቱ ልዩነት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ20 ካለፈ ፔስቱ ደርቋል ወይም ማስወጫው በቺፑ ላይ በትክክል አልተቀመጠም። ሆትስፖቱ ወደ 105 ካሻቀበ ወዲያው ያቁሙ። በዚሁ ጊዜ ካርዱ የተሰካበት መስመር 16 ሌን (የመረጃ መተላለፊያ) መሆኑን ጂፒዩ-ዚ ላይ ይዩ። ይህን ጫና ላይ እያለ ማየት አለብዎት፤ ሥራ ሲፈታ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ዝቅ ስለሚያደርግ ያሳስትዎታል። ሞኒተሩንም በኤችዲኤምአይና በዲስፕሌይ ፖርት መሰኪያዎች ሁሉ ቀያይረው ይሞክሩ። የማይኒንግ ካርድ መሰኪያው ብዙ ስላልተነካ በአብዛኛው አዲስ ነው፤ ግን አቧራ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ስለ ባዮስ አንድ ማስጠንቀቂያ። አርኤክስ 570 እና 580 የመሳሰሉ የኤኤምዲ ካርዶች ለማይኒንግ ሲባል ባዮሳቸው በብዛት ይቀየር ነበር፤ ወደ ፋብሪካው ባዮስ ካልተመለሱ ጫና ላይ ይወድቃሉ። በ3060 ቲአይ ላይ ይህ የተለመደ አይደለም። ማንኛውንም ባዮስ ሲጭኑ ግን ያለ ዩፒኤስ ፈጽሞ አይሞክሩ። ጭነቱ የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ ቢሆንም በዚያች መሐል መብራት ከሄደ ካርዱ በራሱ አይነሣም።

ፓድ ልቀይር ብለው ከተነሡ ከሁሉ የሚበዛውን ስሕተት ይወቁ። ፓድ በውፍረት ይለያያል፤ 1፣ 1.5፣ 2 ሚሊሜትር እየተባለ። በአንዱ ካርድ ላይ እንኳ በሜሞሪውና በኃይል ማስተላለፊያው ክፍል የተለያየ ውፍረት ይኖራል። 1 ሚሊሜትር በሚገባበት ቦታ 1.5 ከተለጠፈ ማስወጫው በሜሞሪዎቹ ላይ ቆሞ ከዋናው ቺፕ ግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ሰውየው ሜሞሪውን አቀዘቀዝኩ ሲል ቺፑን ያለ ማቀዝቀዣ ይተወዋል። ስለዚህ አሮጌውን ፓድ ሳይጥሉ፣ ያልተጨፈለቀውን ጠርዙን በካሊፐር ለክተው ይግዙ። ሲገጥሙም አራቱን ብሎኖች በመስቀልያ፣ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የእርስዎም ችግር እዚህ ነው። ኤንቪዲያ ለ3060 ቲአይ የሚመክረው 600 ዋት ነው። የእርስዎ 450 ሲሆን፣ በጎኑ ያለው ሰንጠረዥ ከዚያም ዝቅ ያለ እውነት ሊነግርዎ ይችላል። በ12 ቮልት መስመር ሥር የተጻፈውን አምፒር በ12 ያባዙት። 25 አምፒር ካለ 300 ዋት ብቻ ነው፤ ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚመገቡት ከዚያ ነው። የካርዱን ጣሪያ በሶፍትዌር ወደ 75 በመቶ፣ ማለትም 150 ዋት፣ ማውረድ ይቻላል፤ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ጥቂት ነው። ጊዜያዊ መፍትሔ ይሆናል እንጂ ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይን አስተማማኝ አያደርገውም። ከሳታ ገመድ ወደ ካርድ መሰኪያ የሚቀይር ማገናኛ ግን አይጠቀሙ። የሳታ መሰኪያ 54 ዋት ሲችል፣ ባለ 8 እግሩ የካርድ መሰኪያ 150 ዋት ይስባል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ እሳት ያስነሣል።

ስለዚህ ሒሳቡን እንሥራ። የአዲሱን 4060 ዋጋ 100 ብንለው ካርዱ 55፣ ደህና 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ 20 ገደማ፣ ፔስት፣ ፓድና አንድ ማራገቢያ 5፤ በድምሩ 80 ይደርሳል። በ80 የሚያገኙት የፋብሪካ ዋስትናው ያለፈበት ካርድ ነው። አዲሱ 4060 በፍጥነት ከ3060 ቲአይ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ 115 ዋት ብቻ ይወስዳል። ለእሱም የሚመከረው 550 ዋት ቢሆንም፣ የእርስዎ ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልት መስመሩ 30 አምፒር ወይም ከዚያ በላይ ካለው ሳይቀየር ሊሸከመው ይችላል፤ ዩፒኤሱም ይቀልለታል። የቪዲዮ ማመቂያ ክፍሉም አንድ ትውልድ አዲስ ነው። 20 ለመቆጠብ ይህን ሁሉ መተው አያዋጣም።

ምክሬ ይህ ነው፦ ሻጩ ወደ 40 ከወረደ፣ ሙከራውን ከፈቀደ፣ የካርዱን ሴሪያል ቁጥር የያዘ የ15 ቀን መመለሻ በጽሑፍ ከሰጠ ይግዙት፤ ጥሩ ካርድ ነው፣ ዓመታት ይሠራልዎታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ያገለገለ 4060 ይፈልጉ፤ እሱንም በዚሁ መንገድ ይፈትሹት፤ የሼደሩ፣ የሜሞሪ መስመሩና የሌኑ ቁጥር ግን ከ3060 ቲአይ የተለየ ነው። ከ45 በላይ ለሚጠየቅበት ከማይኒንግ የወጣ 3060 ቲአይ ገንዘብዎን አያውጡ።

ከመግዛትዎ በፊት ካሜራዎ በምን እንደሚቀርጽም ይዩ። ቀረጻው ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 ኤች.265 ከሆነ የ30ም የ40ም ተከታታይ ካርዶች ያን ዓይነት ፋይል በሃርድዌር አይፈቱትም። ታይምላይኑ የሚንቀራፈፈው በዚህ ምክንያት ከሆነ ወደ እነዚህ ካርዶች መቀየሩ አያፈጥነውም፤ መፍትሔው ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ የፋይሉ ቅጂ) መሥራት ወይም ግራፊክስ ያለው አዲስ የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። ራሙንም ወደ 32 ማሳደግ ለሪዞልቭ ከምንም በፊት የሚሰማ ለውጥ ያመጣል።

ካርዱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ኮምፒውተር ውስጥ እንደተሰካ አያስጭኑት። በአባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የካርዱ ክብደት ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን መሰኪያ ይሰብራል። ለብቻው በፀረ ስታቲክ ከረጢት፣ በስፖንጅ ተጠቅልሎ፣ ከጭነት ጋር ሳይሆን በሰው እጅ ይምጣ። በክረምት ከደረሰ ከከረጢቱ ሳያወጡ ሦስትና አራት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ያቆዩት፤ ጤዛው ሳይደርቅ እንዳይሰኩት። ከዚያ የሜሞሪውንና የሙቀቱን ፈተና ቤትዎ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይድገሙት፤ የ15 ቀኑ መመለሻ ሳያልቅም የአንድ ሙሉ ሰርግ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ ኤክስፖርት አስኪደው ይጨርሱበት።